ጠመንጃ ይዞ ለእርቅ የሄደው ወንድሜ

በቀደም ዕለት ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ የብረት ቆብ ያደረጉ ወታደሮች ያሳያል። ከሰው አገር ሰላም ሊያስከብሩ ነው የሚሄዱት አሉ። የልጅ ልጆቼ ወደ ኳስ ሊቀይሩት ሲሉ «ተዉት!» ብዬ ጮህኩባቸው። ታላቅ ወንድሜን ተርፋሳን ያየሁ መስሎኝ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ገና ልጅ እያለሁ፣ ቤታችን ከነቀምቴ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ፣ አቦ የምንለው፣ የታወቀ አስታራቂ ነው። በበሬ የተጣላ፣ በድንበር የተፈነካከተ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ሲሟገት ይውላል። እኛ ልጆች የረገፈውን የዋንዛ ፍሬ እየለቀምን ከንፈራችን እስኪጣበቅ እንበላለን። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ ዱላም ይሁን ጦር ይሁን ምንሽር አጥሩን አያልፍም። እናቴ በር ላይ ተቀብላ ጓዳ ታስገባዋለች። አንድ ጊዜ አንድ ባላባት ሽጉጤን አልሰጥም ቢል፣ አባቴ «እንግዲያው ከሽጉጥህ ጋር ታረቅ» ብሎት ከብቶቹን ሊያይ ሄደ።

ተርፋሳ ወታደር ነበር። አንድ ሐሙስ ካኪውን ለብሶ፣ ጫማው ቀለም ቀለም እየሸተተ መጣ። ኮንጎ በሚባል አገር ሰዎቹ እርስ በርስ ተጣልተው፣ የዓለም መንግሥታት አንድ ሆነው ያቆሙት ማኅበር ሊያስታርቅ ወታደር ይሰበስባል አለን። ጃንሆይም ሰው አዋጥተዋል፤ እሱም ተመርጧል፤ እሑድ በአውቶቡስ ይሄዳል። እናቴ አለቀሰች። አባቴን ግን ደስ አለው፤ ልጄ እንደኔ አስታራቂ ሆነ ብሎ ነው። ከዚያ ጠየቀው።

«ጠመንጃችሁን የት ትተዋላችሁ?»

«ይዘነው ነው የምንሄደው፣ አቦ።»

«ለእርቅ?»

«ለእርቅ።»

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ አታሞኝ! ጦርነት ነው በለኝና ለጦርነት ልመርቅህ፤ ወንድ ልጅ ይዘምታል። ጠመንጃ ታቅፌ ላስታርቅ ነው ካልክ ግን ለሐሰት የሚሆን ምርቃት የለኝም።»

ተርፋሳም የአባቱ ልጅ ነው። «ጦርነት አይደለም» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

በኛ ዘንድ የአባት ምርቃት ሳይቀበሉ ሩቅ አገር መሄድ ማለት ሳይሞቱ መቀበር ነው። ዓርብም ቅዳሜም አለፈ። ሁለቱ ከአንድ ገበታ እየበሉ አይነጋገሩም። እናቴ መሃል ገብታ ተርፋሳን «አንዲት ቃል ብትልለት ምን ይነካሃል? ጦርነት ነው በለውና ተመርቀህ ሂድ» ብትለው፣ «አዮ፣ ዋሽቼ የተቀበልኩት ምርቃት ጥይት ይመልሳል?» አላት።

እሑድ ጠዋት እናቴ ለስንቁ ጩኮ ታሻለች። የገብሱና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ቀና ሳትል «እስቲ መንግሥታቱን ተውልኝና፣ እዚያ ስትደርስ ጠዋት ተነስተህ ምንድነው የምትሠራው?» አለችው።

«በሁለቱ መሃል እንቆማለን። ካልተኮሱብን አንተኩስም። ገበያተኛው መንገዱን እንዲሄድ፣ ሴቱ ውሃውን እንዲቀዳ እንጠብቃለን። ገበያ ከተዘጋ ረሃቡ ከጥይቱ ይብሳል ብለውናል።»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «መሃል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ነው የሚመታው» አለ ቀስ ብሎ። ይኼን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የድንበር ጠበኞች ሲገላግል በዱላ የተመታ ግራ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም ነበር። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ፈርቶ እንደከረመ የገባን።

«ስማ» አለው። «ስትደርስ መጀመሪያ ውሃ ለምናቸው። ውሃ ያጠጣህ ሰው እጁ ቶሎ አይነሳብህም። የሚጮኸውን አትፍራ፤ ዝም ያለውን ተመልከት። ጠመንጃው የላኩህ ሰዎች ነው፤ እሱን አልመርቅም። አንተን ግን እመርቅሃለሁ።»

ተርፋሳ ተንበረከከ። አባቴ ያንን እምቢ ያለ ክንዱን በቀኙ ደግፎ አነሳና ሁለት እጁን የልጁ ራስ ላይ ጫነ። «ነጋን ገሊ» አለው፤ በሰላም ግባ። እናቴ ጩኮውን ማሸቷን ተወች።

ተርፋሳም በሰላም ገባ፤ ወልዶ ከብዶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። ስለ ኮንጎ ሲጠይቁት ስለ ጫካውና ስለ ዝናቡ ትንሽ ይልና «እኔ ወዴት እንደምሄድ ያወቅሁት አቦ እምቢ ያለኝ ጊዜ ነው» ይል ነበር።

ዛሬ ሽማግሌው እኔ ነኝ። ያ ማኅበርም አሁንም ሰው ይልካል አሉ። አንዳንዱ ምን ፈየደ ይላል። እኔ መሃል የሚቆም ሰው የጠፋበትን ቀን ስላየሁ አልንቀውም። ልጆቼም ሩቅ ሲሄዱ እኔን አይረሱም፤ ስልክ ይደውላሉ። «አባዬ መርቀኝ» ይላሉ። ወዴት ነው ደግሞ፣ ለምን ጉዳይ ነው ስል፣ «መኪና ውስጥ ነኝ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ቶሎ በል» ይሉኛል። እኔም ቶሎ እመርቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

አባቴ ቢሆን «መጀመሪያ ከመኪናው ውረድ» ይላቸው ነበር።