የቀቢው ሳህን

አይቸኩሌ ሁለት ጣቱን ያጣ ዕለት እንኳ አልቸኮለም ነበር። ስሙን ያወጡለት የእንጨት ሥራ ቤቱ ባልደረቦቹ ናቸው። ሌላው ሦስት ወንበር ሲያቆም እሱ አንዱን እየዳሰሰ፣ እያገላበጠ፣ እግሩን ከወለሉ ጋር እያስማማ ይቆያል። ሲቀልዱበት፣ "የኔ ወንበር የተቀመጠበትን አይጥልም" ይላል። እዚያ ቤት የገባው ጢም ሳያበቅል ነው፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል።

ክቡ መጋዝ የሚሠራው ያለ ክዳን ነበር። ክዳኑ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ብረት ነው፤ የመጋዙን ጥርስ ከእጅ ይጋርዳል። ወፍራም ጣውላ አላሳልፍ እያለ ሥራ ስላጓተተ ፎርማኑ ከዓመታት በፊት አስፈታው። ተፈትቶ የወደቀ ዕቃ ደግሞ እዚያ ቤት ሥራ አያጣም። ቀለም ቀቢው ክዳኑን ገልብጦ ቫርኒሽ ይቀዳበት ጀመር፤ "የቀቢው ሳህን" ተባለ። ኋላ የተቀጠሩት ምን እንደነበር እንኳ አያውቁም።

ይህ ቀቢ የአይቸኩሌ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ሥራ ያስገባውም ራሱ አይቸኩሌ ነው።

አደጋው የደረሰው ለትምህርት ቤት ዴስክ የታዘዘ ጣውላ ሲሰነጠቅ ነው። መጋዙ ጉጥ አገኘ፤ ጣውላው ዘለለ፤ እጁ ተከትሎ ገባ።

ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥርጣሬ አብሮት ገባ። መጀመሪያ የመጣው ፎርማኑ ነው፤ ብርቱካን ይዞ። ፎርማኑ ለሰው ብርቱካን ሲገዛ ያየ የለም።

"እንኳን ነፍስህ ተረፈች" አለ ፎርማኑ። "እኛ ቤተሰብ ነን። ክስ ምናምን የሚሉህን አትስማ። የሰው ምላስ ቤት ያፈርሳል።"

"ክስ ያለ ሰው አለ እንዴ?"

ፎርማኑን ሳል ያዘው። ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ሄደ።

"ያላነሣሁትን ክስ ከየት አመጣው?" አላት አይቸኩሌ ሚስቱን። "ብርቱካኑን እንዳትነኪው።"

"መርዝ አለበት ልትል ነው?"

"ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ነው የሚባለው።"

"አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስንጥር ውስጥ ኖረህ ነው" አለችና አንዱን ላጠችለት። በፋሻ የተጠቀለለ እጁ ብርቱካን አይልጥም። በላው። ጣፋጭ መሆኑ ይበልጥ አሳሰበው።

በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ነገር አታንዛዛም።

"ሁለት መንገድ አለ፤ አያደባልቋቸው" አለችው። "አንዱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ነው። እዚያ ጥፋቱ የማን ነው አይባልም፤ ሥራ ላይ ሆነው መጎዳትዎ ይበቃል። ሌላው በፍርድ ቤት የሚቀርብ ክስ ነው። በክሱ ግን አሠሪው ማጥፋቱን እርስዎ ማስረዳት አለብዎት።"

"የመጀመሪያው ቀላል ነዋ።"

"ቀላል ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። መከላከያውን ራሱ ሆን ብሎ አንሥቶ ነው ካሉና ከታመነላቸው ካሳውም ሊቀር ይችላል፣ ክሱም አይራመድም። መጋዙ ክዳን አለው?"

"ከተፈታ ዓመታት አልፈውታል። ያስፈታው ፎርማኑ ነው።"

"እንግዲያው ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቆጣጣሪ እናስጠራ፤ መጥቶ በዓይኑ ይየው።"

አይቸኩሌ መንገዱን ሁሉ ያንን ቀዳዳ እያሰበ ተመለሰ። ሁለት ጣት የጎደለውን አናጺ የሚቀጥር የለም። ካሳው ከቀረ ሁሉ ነገር ቀረ።

ቀቢው በነዚያ ቀናት ማታ ማታ እየመጣ ጫማ ያስርለታል፣ ሸሚዝ ይቆልፍለታል። ድሮ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ ቀልድ ጠፋበት። አንድ ምሽት ብቻ፣ "ተቆጣጣሪው መቼ ነው የሚመጣው?" ሲል ጠየቀ። አይቸኩሌ ቀኑን ነገረው። ኋላ ላይ ግን፣ ይህ ምን ቸገረውና ጠየቀኝ ብሎ ጣራ ጣራውን ሲያይ አደረ።

ተቆጣጣሪው በመጣ ዕለት ክዳኑ መጋዙ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የፎርማኑ አፍ ተከፈተ፤ ወዲያው ተዘጋ። ወይ ተገርሟል፣ ወይ መገረም ተለማምዷል።

"እንደሚያዩት ክዳን አለን" አለ። "የዚያን ዕለት አንሥቶት ይሆናል። ምን ይደረግ።"

"ክዳን የሚባል አልነበረም" አለ አይቸኩሌ።

"እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው" አለ ተቆጣጣሪው። "ሌላ ነው የሚል ምስክር ካለ ይናገር።"

ሠራተኞቹ ሁሉ ጫማ ጫማቸውን አዩ።

አይቸኩሌ ወደ መጋዙ ተጠጋ። ክዳኑ በቲነር ታጥቧል፤ ሽታው ገና አለቀቀም። ከውስጥ፣ ከቡሎኑ ሥር፣ ቡናማ ቫርኒሽ ደርቆ ቀርቷል። ቀና ሲል ቀቢው ጥጉን ይዞ በአሮጌ የቀለም ጣሳ ቫርኒሽ ያማስላል። ዓይኑን አላነሣም።

ማታ ቀቢው ጫማውን ሊፈታለት ሲያጎነብስ አይቸኩሌ ጠየቀው።

"ሳህንህ የት ሄደ?"

የቀቢው እጅ ማሰሪያውን እንደያዘ ቀረ።

"ማን አዘዘህ? ላንተም ብርቱካን መጣልህ?"

"ማንም አላዘዘኝም፣ ጋሼ። ባዶ መጋዝ ላይ ሲሠራ ነው ብለው ጥፋቱን ባንተ እንዳያላክኩ ፈርቼ ነው። ክዳን ካለ፣ ደንቡን ጠብቆ ሲሠራ ተጎዳ ይላሉ ብዬ…"

"ክዳን ያለው መጋዝ እንዲህ አድርጎ ጣት ይበላል?"

"እሱን አላሰብኩትም።"

ሚስትየው ከበሩ ሥር ቆማ ትሰማለች። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ" አለች። "ውሻው ደግሞ የኔው ወንድም ሆኖ ቁጭ አለ።"

"ነገ ሄደህ ለተቆጣጣሪው ትናገራለህ" አለ አይቸኩሌ።

"ያባርሩኛል እኮ።"

አይቸኩሌ ፋሻውን አሳየው። "እኔን ያቆዩኝ መሰለህ?"

ቀቢው ወደ እህቱ ዞረ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ መሄድ እንዳለበት ገባው።

ሄዶ ተናገረ። አንድ ሰው አፉን ሲከፍት፣ ጫማቸውን ሲያዩ ከነበሩት ሁለቱ ድፍረት አገኙ፤ ክዳኑ ሳህን ሆኖ መኖሩን እነሱም መሰከሩ። የሥራ ላይ ጉዳቱ ካሳ ተፈቀደ። ጠበቃዋ ያቀረበችው ክስ ግን ዛሬም ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይጓዛል። ፎርማኑ ቀቢውን፣ ሥራ ቀዝቅዟል ብሎ አሰናበተው። ብርቱካን አልላከለትም።

አንድ ነገር ብቻ ከአይቸኩሌ ጉሮሮ አልወርድ አለ። ቀቢው ክዳኑን የገጠመው ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው። የሥራ ቤቱ በር ቁልፍ ያለው ደግሞ ፎርማኑ ዘንድ ብቻ ነው።

"ማን ከፈተልህ?" አለው አንድ ቀን።

"ክፍት ነበር።"

ፎርማኑ በር ሳይቆልፍ ሄዶ አያውቅም። አይቸኩሌ ሌላ አልጠየቀም፤ የሚስቱ ወንድም ነው።

አሁን ሁለቱ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ወንበር ይሠራሉ። በካሳው የተገዛ አነስተኛ መጋዝ አላቸው፤ ክዳኑ ከላዩ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቀቢው ቡሎኑን ያጠብቃል። ወደ ቫርኒሹ ዘወር ሲል አይቸኩሌ በቀሩት ጣቶቹ መፍቻውን ያነሣና፣ ሳይቸኩል፣ ያንኑ ቡሎን ደግሞ ያጠብቀዋል። ቀቢው ያየዋል። አይቶም ብሩሹን ቫርኒሹ ውስጥ ይነክራል።