ሙሚና እና ማዶ የሌለው ውኃ

ሙሚና ከሮቢት ወንዝ ማዶ፣ በአንዲት የይፋት መንደር ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ልጅ ያልወለደች ባልቴት ነበረች። እናታቸው በንዳድ ስትሞት ታናሽ እህቷን ፈሪሃን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ፈሪሃ አብዱልፈታህ የሚባል ሰው አግብታ ጎረቤት ከሆነች በኋላ እንኳ ሙሚና ጧት ሄዳ ፊቷን ካላየች እህል አይወርድላትም።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ አብዱልፈታህ ከአገሩ ጎልማሶች ጋር ለወደብ ሥራ ወደ አሰብ ተወሰደ። ፈሪሃ ጥቂት ጠብቃ ግመለኞችን ተከትላ ሄደች። “ባሌን ይዤ ለማሽላው አጨዳ እመለሳለሁ” ብላ ነበር። ማሽላው ታጨደ፤ ተዘራ፤ ደግሞም ታጨደ። ፈሪሃ አልመጣችም።

ሙሚና መቀመጥ አቃታት። እንዝርቷን አንስታ መልሳ ትጥላለች፤ ወጥ ጥዳ ትረሳዋለች። መንገድ ዳር ቆማ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ትጠይቃለች። በመጨረሻ ሷሊሕ የሚባል የጨው ነጋዴ ቁርጡን ነገራት።

“አብዱልፈታህ ሞቷል። ከወደቡ ርቆ ከቆመ መርከብ ጭነት ሲያወርድ ባሕር ውስጥ ወድቆ ቀረ። እህትሽ ግን በሕይወት አለች፤ ጨው ትዝቃለች።”

“ታዲያ ለምን አትመጣም?”

“ጠየቅኳት፤ ዞር ብላ ጨው መዛቋን ቀጠለች።”

ሙሚና ፍየሎቿን ለጎረቤቷ ለከዲጃ አደራ ሰጥታ ከሷሊሕ ግመሎች ጋር ወጣች። በአፋር በረሃ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ እግሯ አበጠ። ግመለኞቹ ሲያርፉ እሷ “ተነሱ እንጂ” እያለች ታስቸግራቸው ነበር።

ባሕሩን ስታይ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። “ማዶው የት ነው?” አለች።

“ማዶው የመን ነው፤ አይታይም” አላት ሷሊሕ።

ማዶ የሌለው ውኃ አይታ አታውቅም። ወደ ኋላ ሸሽታ ከግመሎቹ መሃል ገባች።

ፈሪሃን ከጨው ማሳው መሃል አገኘቻት፤ ከስታ፣ ጠቁራ፣ እግሯ በጨው ተበልቶ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ወዲያው ሙሚና፣ “በይ ተነሺ፣ አገራችን እንግባ” አለቻት።

“አልሄድም እቴ። ሬሳው አልወጣም። አንድ ቀን ባሕሩ ይተፋው ይሆናል። ማን ይቀበለዋል?”

ሙሚና ተቆጣች፣ ለመነች፣ አኮረፈች። ከንቱ ሆነ። ትታት ለመመለስ አንጀቷ እንቢ አላት፤ እሷም አካፋ ይዛ ጨው መዛቅ ጀመረች። ፈሪሃ ከሥራ ስትወጣ ውኃው ዳር ትቀመጣለች። ሙሚና ደግሞ ሞገዱ በተጠጋ ቁጥር ወደ ኋላ እየሸሸች ከጀርባዋ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

አንድ ቀን፣ “ለመሆኑ በባልሽ ላይ የቀብር ሶላት ተሰግዷል?” ስትል ጠየቀቻት።

“እኔ ነኝ የከለከልኩ። ከተሰገደበትማ ሞተ ማለት ነው።”

ሙሚና ሳትነግራት በወደቡ መስጊድ ወደሚያሰግዱት የወሎ ሰው፣ ወደ ሼህ አብዱልሀኪም ሄደች። እሳቸውም ፈሪሃን አስጠርተው፣ “ልጄ፣ አፈርም ባሕርም የአላህ ነው። እዚያም ተኝቶ ዱዓ ይደርሰዋል” አሏት። ፈሪሃም እሺ አለች። ከጁምዓ በኋላ ሬሳው በሌለበት የጀናዛ ሶላት ተሰገደበት።

በማግሥቱ አንድ ዓሣ አጥማጅ ፈሪሃን ባሏ ወደወደቀበት ቦታ ሊወስዳት ፈቀደ። ሙሚና ጀልባዋን ስታይ ላብ አጠመቃት። ፈሪሃ፣ “አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ” አለቻት። ሙሚና ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ገባች። ከወደቡ ራቅ ሲሉ ፈሪሃ እጇን ውኃው ውስጥ ነከረች፤ “አብዱልፈታህ፣ ዓውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ልሄድ ነው” አለች። ያን ጊዜ ሙሚና ዓይኗን ገለጠች። በሁሉም በኩል ውኃ ነበር፤ ፍርሃቷ እንዴት እንደለቀቃት አላወቀችም።

የእንግሊዝ አውሮፕላን ወደቡን መደብደብ ሲጀምር እህትማማቾቹ መንደራቸው ገብተው ነበር። ጣሊያን በተባረረ ዓመት ፈሪሃ አንድ ሸማኔ አግብታ ሴት ልጅ ወለደች፤ ቤቷም ሞቀ። እረፍት ያጣችው ሙሚና ሆነች።

“ምን ሆንሽ እቴ?” አለቻት ፈሪሃ፣ አንድ ጧት ከደጅ ቆማ ስታገኛት።

“አላውቅም። ማዶ የሌለውን ውኃ ካየሁ ወዲህ ቤቱም አገሩም ጠበበኝ።”

ፈሪሃ ልትከለክላት አሰበች፤ ግን አሰብ ላይ ራሷ “አልሄድም እቴ” ያለችውን አስታውሳ ተወችው። በሶ አዘጋጅታ በስልቻ ቋጠረችላት። ሙሚናም ከሷሊሕ ጋር ጨው ነጋዴ ሆነች፤ ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ በየዓመቱ ወደ ባሕሩ ስትወርድ፣ ስትመለስ ኖረች።