ጠበል የተረጨ ሸክላ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የልጄ የመጀመሪያ የሙዚቃ ሸክላ ወጣ።

ልጄ ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ትሠራለች። ግጥም የለውም፤ ዘፋኝም የለውም። ግድግዳ አልፎ ደረት ውስጥ የሚገባ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ እሷ መሥራት ስትጀምር የቡፌው ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ እያንኳኳሁ «ቀንሺው!» ስል ኖሬአለሁ። እሷ የማታውቀው፣ አንኳኩቼ ስጨርስ «እመቤቴ፣ የልቧን ስጪያት» እል እንደነበር ነው።

ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ በመንገደኛ ሻንጣ መጣ። ለጊዜው የደረሰው አሥራ ሁለት ብቻ ነበር። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት እዚሁ ሰፈር ካለ ካፌ ልታሰማና ልትሸጥ ሰው ጠርታለች። የዚያን ዕለት ጠዋት የሸክላ ማጫወቻውን ከጥገና ቤት ለማምጣት ወደ ሀይሌ ጋርመንት ወጣች።

«እማዬ፣ የሸክላዎቹን ካርቶን እንዳትነኪው እሺ?»

«ምን አደርገዋለሁ?» አልኳት።

በዚያው ጠዋት የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጡ። ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። ካርቶኑን ከፍቼ ሸክላዎቹን ሶፋው ላይ ደረደርኳቸው።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሸክላ ነው አባ። የልጅዎ ሥራ ነው።»

«እንዴ! ሸክላ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ማን ዘፍኖበት ነው?»

«ማንም አልዘፈነበትም።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«የከበሮው ትልቁ ፊት ብቻ ሲመታ ያስቡት።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ ለጎረቤቶቻችሁ ጽናቱን ይስጣቸው» አሉ።

እንዲረጩበት ለመንኳቸው። ረጩ። አባታችን በጠበል አይሰስቱም።

ከሸኘኋቸው በኋላ ነው ያየሁት። ሽፋኑ ወረቀት ነው፤ ውሃውን ጠጥቶ መነፋት ጀምሯል። ልጄ ለዚያ ሽፋን ስንት ወር እንደደከመች አውቃለሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ፀሐይ የለም። በዚህ መሃል እሷ ማጫወቻውን በላስቲክ ጠቅልላ ገባች።

«ማነው ውሃ የደፋበት?»

«ውሃ አይደለም፤ ጠበል ነው።»

ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማዬ! ሸክላዬን አጠመቅሽው?» ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «አራት ሰዓት ቀረን። በምን ላድርቀው?»

ከሕንጻችን ሥር ፀጉር ቤት አለ። ሸክላዎቹን እቤት ትቼ ባዶ ሽፋኖቹን በነጠላዬ ሸፍኜ ወረድኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል። ባለቤቷ ነገሩን እንደሰማች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ደንበኛ «ተነሺ አንቺ!» አለቻት።

«ፀጉሬ አልደረቀም እኮ!»

«ያንቺ ፀጉር ጠበል አልነካውም። ተነሺ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ ቢጎዲናቸውን እንደጠቀለሉ አንድ አንድ ሽፋን ያዙ። ገሚሱ ካስክ ሥር፣ ገሚሱ በፎን፣ እየተሳሳቁ አደረቁልኝ።

በአሥር ሰዓት ካፌው ስንደርስ ሽፋኖቹ ደርቀዋል። ግን ሞገድ ሠርተዋል፤ ነጠብጣቡም አልለቀቀም። አንዱ ወጣት አገላብጦ አየና «ይኼ ነጠብጣብ ዲዛይኑ ነው?» አላት።

«አዎ። እሱን የሠራችው እናቴ ናት» አለችው።

እኔ ሰላም ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ከወለሉ ተነሥቶ በጫማዬ ገባ። ሦስት ዓመት ቀንሺው ያልኩት ያው ድምፅ ነው። እልልታ አመለጠኝ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ከበሩ በኩል ሌላ እልልታ መለሰልኝ። የፀጉር ቤቱ ሴቶች ነበሩ፤ ግማሾቹ ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱን ማን ያብርደው! ልጄ ማጫወቻውን ትታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሸክላዎቹ ተሸጡ። አንዱ ብቻ ሽፋኑ ጠፍቶ ራቁቱን ቀረ። እሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሀና ማርያም አስቀደስኩ። ከ«አመሰግንሻለሁ» ሌላ ቃል አላገኘሁም። ስመለስ የፀጉር ቤቷ ባለቤት «እማማ፣ ካስክ ጀርባ ወድቆ አደረ» ብላ ሽፋኑን ሰጠችኝ። ሸክላዬን ከተትኩበትና ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ፊት አቆምኩት።