በሞተ ንጉሥ የማለችው ዲንቄ

ዲንቄ ሂርጳ መሐላ ሳትጨምር መናገር አትችልም ነበር። ከእንጦጦ ተሸክማ የምታወርደው እንጨት ደረቅ ነው ለማለት ትምላለች፤ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ተወዷል ለማለት ትምላለች፤ «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት እንኳ «ደህና» ብላ አትተወውም፣ ትምልበታለች። የምትምለው ደግሞ እንዳደገችበት ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ፣ አባቷ በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው በሚያርሱበት አገር፣ የመጨረሻው መሐላ «ኃይለሥላሴ ይሙት!» ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ዲንቄ በኦሮምኛዋ ላይ አማርኛ ስትጨምር መጀመሪያ ከያዘቻቸው ቃላት አንዱ ይኸው ነው። ንጉሡን ወድዳ እንዳይመስላችሁ፤ ንጉሡ ለእሷ ያደረጉላት አንዳች ነገር አልነበረም።

አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ቆይቶም ሞቱ ተባለ። ዲንቄ ግን «ይሙት» ማለቷን አልተወችም። ባሏ ፈዬራ፣ ጭቃ እያቦካ የሰው ቤት የሚመርግ ዝምተኛ ሰው፣ በሰማት ቁጥር ይደነግጥ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ አፍሽ አንድ ቀን ያስበላናል።»

«ምን አልኩ? ይሙት ነው ያልኩት፤ ይኑር አላልኩ!»

ፈዬራም ሳይወድ ይስቃል። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱንም ቀብረዋል። ለእሷ የቀራት እሱ፣ ለእሱ የቀረችው እሷ ናት፤ ሌላ ዘመድ የሚባል ቢኖርም ማዶ ነው፣ ሩቅ ነው።

ያን ጊዜ ቀበሌያቸው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሁለቱም ወገን አብዮተኛ ነው፤ ሁለቱም ጓድ ይባባላል፤ ሁለቱም ግራ እጁን እያነሳ ይፎክራል። የድርጅቶቹን ስም ሰዉ በደንብ ስላልያዘው፣ በየሠፈራቸው የላይኞቹና የታችኞቹ ይላቸዋል። የላይኞቹ አለቃ ከበበ የሚባል ቁጡ ሰው ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም እሱ ነበር። ታችኞቹን የሚመራው ወልደሰንበት ነው፤ ገና ወጣት፣ ሲናገር ግንባሩን የሚያልበው ልጅ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ አሳየችም ከታችኞቹ ጋር ናት።

በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ከበበ ተከሰሰ። ለቀበሌው አዳራሽ የመጣውን ቆርቆሮ በእህቱ ቤት ላይ መትቶታል ነው ክሱ። ከበበ በፍርድ ሸንጎው ፊት ቆሞ፣ አንዲት ቆርቆሮ አልነካሁም ብሎ ማለ። ዲንቄ ግን ቆርቆሮው ሲወጣ አይታለች፤ በጠባቧ መንገድ ላይ ተሸካሚዎቹን ለማሳለፍ ከነሸክሟ አጥር ላይ ተለጥፋ ቆማለች። አሳየች ይህን ሰማችና ቤቷ ድረስ መጣች።

«እማማ ዲንቄ፣ እርስዎ ያዩትን ብቻ ይናገሩልን። በመሐላ የሚዋሽ ሰው እንዴት ሕዝብ ይመራል?» አለቻት። አዲሱንም መሐላ አስጠናቻት፤ «በአብዮታዊ ኅሊናዬ እውነቱን እመሰክራለሁ» የሚል ነው። ዲንቄ እንጨት እየለቀመች ስትለማመደው ሰነበተች።

ቀኑ ደርሶ አዳራሹን ሞልቶ የተቀመጠውን ሰው ስታይ ግን ኅሊናውም አብዮቱም ከራሷ ላይ በረሩ።

«ኃይለሥላሴ ይሙት፣ እውነቱን እናገራለሁ!» አለች።

ከበበ ከቆመበት ዘሎ ጮኸ። «ሰማችሁ? አድኃሪ ናት! በዘውድ ስም የምትምል ሴት ናት በእኔ ላይ የምትመሰክረው?» የላይኞቹ በሙሉ «ትያዝ! ትያዝ!» እያሉ አግዳሚውን ደበደቡት።

አሳየች እየሳቀች ተነሳች። «ጓዶች፣ ልማድ ነው እኮ! ጭቁን ሴት ናት፤ ያስለመዷትን ነው ያለችው። ይታለፍላትና እውነቱን እንስማ።» ወልደሰንበትም ከጎኗ ሆኖ፣ «እማማ፣ እሳቸውማ ሞተዋል፤ በሌላ ይማሉ» አላት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዲንቄ አሳየች እየመራቻት እንደገና ማለች፣ ያየችውንም ተናገረች። ከበበ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ወልደሰንበት ተተካ።

ከዚያ ወዲያ ታችኞቹ በየስብሰባው «በመሐላ የሚዋሽ ሰው እንዴት ሕዝብ ይመራል?» እያሉ የመሐላን ክብር ሲሰብኩ ቄስ ያስንቁ ነበር። የላይኞቹ ደግሞ ለትግሉ ሲባል የተነገረ ነገር ውሸት አይባልም ይሉ ጀመር፤ ዲንቄንም በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩባታል። እሷ ግድ አልሰጣትም። እውነት ተናግራ ስለ እውነቷ የተጨበጨበላት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበርና፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሏት ነበር።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ማለዳ እንጨቷን ተሸክማ በእንጦጦ ማርያም አጥር ስትወርድ፣ አንድ በጋቢ የተከናነበ ሰው አሮጊት እናቱን ደግፎ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲሳለም አየች። ቀና ሲል ወልደሰንበት ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ያውም በየስብሰባው ሃይማኖት የባላባት መሣሪያ ነው እያለ የሚያስተምር ሰው፣ እዚያ መታየቱ በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማማ፣ አላዩኝም» አላት በሹክሹክታ።

ዲንቄ ልጇ ቢሆን ይህን ያህል ይሆን ነበር ስትል አሰበች። «አላየሁህም ልጄ። ኃይለሥላሴ ይሙት፣ አላየሁህም!» አለችው። ወልደሰንበት ፈገግ ብሎ እናቱን ይዞ ገባ፤ እሷም ወረደች።

በዚያው ማለዳ ሾላ ገበያ መግቢያ ላይ የተሰቀለው መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተቀዶ ተገኘ። የዚያን ማለዳ ጨርቁን እንዲጠብቅ የተመደበው ወልደሰንበት ራሱ ነበር። የአብዮት ጥበቃ ልጆች ደንግጠው ሲሯሯጡ ለጭቃው ጭድ ሊገዛ የወረደውን ፈዬራን እዚያው አካባቢ አገኙና ያዙት። ከበላይ የመጡት ሰዎች ወልደሰንበትን የት ነበርክ አሉት። ከተመደብኩበት አልተነቃነቅኩም አለ። እንግዲያው ማን ቀደደው? ወልደሰንበት የተያዘውን ሰው አየና ይኼ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ አለ። አንዷ ውሸት ሌላዋን ጎተተች። የሸንጎው ቀን ተቆረጠ፤ ጥፋተኛ ከተባለ ፈዬራ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል። ወደ ከፍተኛው የሄደ ሰው ስንቁ ይገባለታል እንጂ እሱ ሲወጣ የታየ አልነበረም።

ዲንቄ ወልደሰንበት ቢሮ ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ይነሱ እማማ፣ ሰው ያያል!»

«ልጄ፣ አንተ ሾላ አልነበርክም። ፈዬራን አላየኸውም። እኔ ነኝ አንተን ያየሁህ!»

«አላየሁህም ብለው ምለውልኛል እኮ።»

«ላንተ ብዬ ነዋ! ላንተ ብዬ ነው የዋሸሁት!»

ወልደሰንበት በሩን ዘጋው። ግንባሩ እንደ ልማዱ አልቦታል። «እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብል የሚወስዱት እኔን ነው። እናቴ ከእኔ በቀር ማን አላት?» አለ።

«እኔስ ማን አለኝ?» አለችው ዲንቄ። ወልደሰንበት በሩን መልሶ ከፈተላት።

በሸንጎው ዕለት ወልደሰንበት እጁን አንስቶ ማለ፤ ሲጨርስ ታችኞቹ አጨበጨቡለት። ዲንቄ ልመስክር ብላ ተነሳች። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችውን መሐላ አንድም ቃል ሳትስት ተወጣችው። ከዚያ ሊቀመንበሩ በዚያ ሰዓት እንጦጦ ማርያም በር ላይ ነበር አለች። አዳራሹ ተናወጠ። «ውሸታም!» «ስም አጥፊ!» እያሉ ጮኹባት። ከወዲያ ጥግ ፈዬራ እጁን ታስሮ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ዲንቄ እሱን ስታይ ከአንጀቷ ወጣባት።

«ኃይለሥላሴ ይሙት፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ፈዬራ ዓይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ የተነሳችው አሳየች ናት። «ጓዶች፣ ይቺ ሴት በማን እንደምትምል ሰማችሁ! አድኃሪ ናት! አንቺ፣ ማን ልኮሽ ነው አብዮታዊ መሪያችንን የምታዋርጂው?» አለች። ትናንት እርስዎ ስትላት የነበረችው ዛሬ አንቺ ሆነች። የታችኞቹ ሁሉ «ምስክርነቷ ይሰረዝ!» እያሉ ሲጮኹ፣ ከኋላ ከበበ ብድግ አለ።

«ልማድ ነው እኮ ጓዶች! የጭቁን ሴት ልማድ! ይታለፍላትና እውነቱን እንስማ! በመሐላ የሚዋሽ ሰው እንዴት ሕዝብ ይመራል?»

ከራሱ ያመጣው ነገር የለም፤ አሳየችን ነው የደገማት። የላይኞቹ አግዳሚውን እየደበደቡ ደገፉት። እነዚያ ሲሉት የነበረውን እነዚህ አሉት፤ እነዚህ ሲሉት የነበረውን እነዚያ አሉት፤ በመካከሉ ፈዬራን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሸንጎው የዲንቄን ምስክርነት ሰረዘ። በዘውድ ስም በመማሏ ለጊዜው በማስጠንቀቂያ አለፏት፤ ፈዬራን ግን አላለፉትም። እየጎተቱ ሲያወጡት በአጠገቧ አለፈ።

«ተይ በቃ ዲንቄ፣ አታልቅሺ» አላት።

ከበበና ጓዶቹ ውጭ ከበቧት፤ በርቺ፣ ጎበዝ ይሏታል። ዲንቄ የከበበን እጅ ያዘች። «እንግዲያው ወደ ከፍተኛው ሂድልኝ ልጄ! አንተን ይሰሙሃል፣ ሂድና ፈዬራ ንጹህ ነው በልልኝ!»

ከበበ እጁን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። «እሱ ... አሁን ጊዜው አይደለም እማማ። ብቻ ምስክርነትዎን ይያዙልን» አላት።

ምስክርነትዎን ይያዙልን! አደራ የተሰጠ ዕቃ ይመስል።

ዲንቄ እንጨቷን ትታ ስንቅ ማመላለስ ያዘች። ያላትን ቋጥራ ትሄዳለች፤ ዘበኛው ይቀበላታል፤ ባዶውን ሰሃን ይመልስላታል። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ በላ ማለት ነው፣ በላ ማለት አለ ማለት ነው እያለች ሰሃኑን ታገላብጠው ነበር። በየካቲት አንድ ማለዳ ዘበኛው ቋጠሮዋን ሳይፈታ መለሰላት። «ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ» አላት። እሷም እዚያው በር ላይ ተቀምጣ የዋለችውን ዋለች፤ ማታ ላይ ጎረቤቶቿ መጥተው ደግፈው ወሰዷት። ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ጥቁር መልበስም ክልክል ነበር። ቤቷን ዘግታ፣ ድምፅ እንዳይወጣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች፤ እንዲህ አድርጎ ማልቀስ ምን እንደሆነ ያላየው አያውቀውም።

ክረምቱ ሲወጣ የታችኞቹ ድርጅት ከበላዮቹ ጋር ተጣላና ፈረሰ። ከበበ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አሳየች በአንድ ሳምንት ውስጥ የላይኞቹን ንግግር አጥርታ አወቀችው። ወልደሰንበት ታሰረ፤ ክሱም በመሐላ ሸንጎን ማታለል ሆነ። ለዲንቄ ሰው ላኩባት። እሷም ወዲያው መጣች። አንድ ነገር ብቻ ፈልጋ ነው፤ ፈዬራ ንጹህ ነበር ይባልልኝ፣ ድንኳን ተክዬ ላልቅስለት።

ማለች፤ አሳየች አጠገቧ ቆማ አስማለቻት። ያንኑ ቃል ተናገረች። በዚያ ማለዳ ወልደሰንበት እንጦጦ ማርያም በር ላይ ነበር። ሾላ አልነበረም። ባለፈው ውሸታም ያሏት ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡላት። ወልደሰንበት በጣም ከስቶ ነበር፤ አንገቱን ቀና አደረገ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ፈዬራ አልቀደደም። አላየሁትም።»

ከበበ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ያልተጠየቅከውን አትመልስ!»

«ሰማችሁ?» አለች ዲንቄ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ሰማችሁ አይደል? እንግዲያው ፈዬራ ንጹህ ነው በሉልኝ! ለቅሶ ልቀመጥለት!»

ከበበ ድምፁን አለሰለሰ። «እማማ፣ የዛሬው አጀንዳ እሱ አይደለም። የእርስዎ ባል ጉዳይ ከፍተኛው የዘጋው ጉዳይ ነው። ይቀመጡ፣ እናመሰግናለን» አላት። ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ።

ያን ጊዜ ዲንቄ ሁለት እጆቿን አነሳች። አልተደናገረችም፣ አላመለጣትምም፤ እያወቀች፣ ቃል በቃል፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«ኃይለሥላሴ ይሙት! ኃይለሥላሴ ይሙት! አድኃሪ ነኝ! ውሰዱኝ! እሱን ወደወሰዳችሁበት እኔንም ውሰዱኝ!»

የሚነሳ ሰው ጠበቀች። የጥበቃዎቹን ጠመንጃ እያየች ጠበቀች። አንዱ ከኋላ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሌላው ሳቀ። አሳየች መጥታ በትከሻዋ አቀፈቻት።

«ልማድ ነው እኮ ጓዶች» አለች።

«ይታለፍላት» አለ ከበበ፣ ወደሚቀጥለው ምስክር እየዞረ። «የእኛ ምስክር ናት።»

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው በቀስታ ወደ በሩ ወሰዷት። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቀበሌ ዲንቄን የነካት ማንም የለም።