ከደሴቷ ማዶ የነበረው ቤት

ከሃያ ዓመት በፊት በስደት አገር፣ ካርልተን በሚባል ሰፈር ከሚገኙት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ስኖር፣ ጎረቤቴ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ምጽዋ፣ ደሴቷ ላይ ነው፤ አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሰንሻይን በሚባል ሌላ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ስለምንሠራ የማለዳ ሺፍት በመኪናዬ እንሄድ ነበር። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም። አንድ ጊዜ እሳት የተነሣባትን፣ ጥይት የጫነች ጀልባ ከወደቡ አርቀው በማውጣታቸው ሜዳይ እንደተሸለሙ ነገሩኝ። ኋላ አማጽያኑ ማዶ ያለውን የከተማውን ክፍል ይዘው ደሴቷን ሲከብቡ የመድፈኞች አዛዥ ሆነው እስከ መጨረሻው ቆዩ፤ ከዚያ በባሕር ወደ የመን ወጡ።

አንድ ክረምት ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ኤርትራዊት እናት ገቡ። ሊፍት ውስጥ ስንተዋወቅ እሳቸውም የምጽዋ ልጅ መሆናቸውን ነገሩኝ። ወንድማቸው በከበባው ጊዜ ከደሴቷ ማዶ ባለው ቤቱ ሳለ፣ ከደሴቷ በተተኮሰ መድፍ ሞቷል።

ይህን ለጎረቤቴ፣ ለጋሼ፣ ነገርኳቸው። በማግስቱ በሬን አንኳኩተው አብሬያቸው እንድወርድ ጠየቁኝ።

ሴትየዋ ሲከፍቱ ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «እትዬ፣ ያኔ ከደሴቷ ወደ ማዶ ሲተኮስ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሴትየዋ ጋሼን የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው። ጋሼ የአባታቸውን ስም ሲናገሩ ሴትየዋ አባትየውን አወቋቸው፤ ከእሳቸው ዓሣ ይገዙ ነበር።

«ታዲያ ማንን ነበር የሚጠብቁት?» አሉ ሴትየዋ።

«ደሴቷን። የተወለድኩባትን።»

«እኛስ?»

ጋሼ አቀርቅረው ቆሙ። ሴትየዋ ይቅር ብያለሁ አላሉም። በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱና፣ ደጅ እንዳይቆሙ፣ እንዲገቡ ነገሯቸው።

ያን ቀን ስንመለስ፣ ዝም ቢሉ ማንም እንደማያውቅባቸው ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን በዚያ ሰሞን ማዶውን ሰፈር እንደ ካርታ ብቻ እንዲያዩት ራሳቸውን እንዳስለመዱ፣ አሁን ሰፈሩ ሰው ሆኖ ከታች መጥቶ ሲኖር ማለፍ እንዳቃታቸው አስረዱኝ።

ወዳጅ ሆኑ ብል ዋሸሁ። ሆኖም ሴትየዋ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው በትራም የሚያደርሷቸው ጋሼ ሆኑ። አንድ ቀን ከኋላቸው ተቀምጬ ነበር። እንደ ድሮ የምጽዋ ሰው በዐረብኛ ይከራከራሉ። ምን እንደሆነ ጋሼን ብጠይቃቸው፣ ድሮ ደሴቷ ላይ የነበረ አንድ ዳቦ ቤት በየትኛው መንገድ እንደነበር መስማማት አቅቷቸው ነው።