ስንዝር መስኮት

የታሰርሁበት ክፍል አይባልም፤ የዕቃ መጫኛ ኮንቴነር ነው። ማዳበሪያ ሲከፋፈል ዘመድ ያለው ደርሶት ዘመድ የሌለው ባዶውን ሲመለስ ስላየሁ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርሁ። በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች መጥተው «ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉኝ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጥግ ጎን ለጎን ሁለት የብረት ሳጥኖች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የወንዶች፣ አንዱ የሴቶች። በሩ ሲከፈት የላብ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የዝገት ሽታ ፊቴን መታኝ። ሲዘጋ ጨለመ።

ሌሊት ብረቱ በብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ እጅ አያስነካም። ከእኛ ከሴቶቹ መካከል አስም ያለባት አንዲት መምህር ነበረች። የበሩን ስንጥቅ ለእሷ ለቅቀንላት አፏን እዚያ ላይ ለጥፋ ትውላለች። እኔ መቀመጥ አልቻልሁም። ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ፤ በጨለማው የሰው እግር እረግጣለሁ።

«እማማ፣ በእናትዎ ይቀመጡ» አለችኝ አንዷ። «ያለችንን አየር በሩጫ ጨረሱብን እኮ!»

የአገር ሽማግሌዎች የጣቢያውን አዛዥ ደጅ ጠንተው ኖሮ፣ ለሴቶቹ መስኮት እንዲቆረጥ ተፈቀደ ተባለ። አንድ ጠዋት ከውጭ የኮምፕሬሰር ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ከባሌ ጋር መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ላይ ጋራዥ ነበረን፤ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ በአየር ግፊት በሚሠራ መጋዝ ቆርጠን እንቀጥል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ጋራዡን አልዘጋሁትም። መጋዙ አስቸጋሪ ዕቃ አይደለም። አየሩ በጎማ ቱቦ ይመጣና ውስጡ ያለችውን ፒስተን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ምላጯም አብራ ትመላለሳለች። የሚፈልገው ደረቅ አየርና ቀጭን ዘይት ነው። ይህኛው ግን «ትርርር» ብሎ ይጀምርና ይደክማል፤ ከዚያ የአየር ፉጨት ብቻ። ኮምፕሬሰሩ በከንቱ ይጮኻል። ሲበዛብኝ ግድግዳውን በመዳፌ ደበደብሁ።

«አንተ! አጥፋው! ቤንዚኑን ጨረስኸው!»

«እማማ፣ አርፈው ይቀመጡ።»

«የአየር ታንኩን ውሃ አፍስሰኸዋል?»

«የምን ውሃ? አየር እኮ ነው የሚሞላው።»

«በዚህ ጉም አየሩ ውሃ ነው! ከፍተህ አውጣኝ፣ ላሳይህ።»

መጋዙን የያዘው ፖሊስ መጥቶ በሩን ከፈተ። አነጋገሩ የእኛው አገር ሰው መሆኑን ነግሮኛል። ሞተሩን አስጠፍቼ ታንኩ ሥር ያለችውን ቧንቧ ፈታሁ። ዝገት የመሰለ ውሃ ተፈናጥሮ ጫማውን አራሰው። መጋዙን ከቱቦው ነቅዬ ምላጯን በጣቴ ብገፋት አልነቃነቅ አለች። አሸተትሁት።

«ይኼ ምንድን ነው የሚሸተው?»

አፈረ። «ሞራ ነው። የበግ። ዘይት ሳጣ ጊዜ… አባቴ የኮርቻውን ጠፍር በሞራ ነበር የሚያለሰልሰው።»

«ታዲያ ይህ በቅሎ መሰለህ? ልትጭነው ነው?»

ከኮንቴነሩ ውስጥ ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሞራው በመንዝ ብርድ ረግቶ ፒስተኗን እንደ ሰም ይዟታል። ነጭ ጋዝ አስመጥቼ አጠብኋት፤ እስክትላቀቅ በጣቴ ገፋሁ፣ ሳብሁ። ፖሊሱ ከመንገድ ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለምኖ መጣ፤ እኔም በአየር መግቢያዋ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ምላጩም የእንጨት መቁረጫ ነበር፤ ትልልቅ ጥርስ ብረትን ይነክሳል እንጂ አይቆርጥም። ከመጋዙ ዕቃ ሳጥን ደቃቅ ጥርስ ያለውን መርጬ አሰርሁ። አሁን ድምፁ ተስተካከለ።

ፖሊሱ የቤንዚኑን ጀሪካን አንሥቶ ነቀነቀ። «የቀረው ቢበቃ ለአንድ መስኮት ነው። የተፈቀደውም ለሴቶቹ ብቻ ነው።»

ወንዶቹ በሳጥናቸው ውስጥ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው እንደሚሰሙ አውቃለሁ።

ያደግሁት ጓሳ ከሚባለው የአገሬው የጋራ የሣር መሬት ዳር ነው። ጓሳ ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል። የሚከፈትበት ቀን ሲነገር ባለ ብዙ በጉም ባለ አንድ በጉም በአንድ ጠዋት ማጭዱን ይዞ ይገባል። ቀድሞ ሾልኮ ያጨደ ሰው በአገር ፊት ይዋረዳል። እኔ በዚያ ነው ያደግሁት።

መምህሯ በተከፈተው በር ቆማ ታየኛለች። «እማማ፣ ሙሉውን ያድርጉልን። ጭንቅላቴን የማወጣበት ይሁን።»

«እነሱስ?»

«እነሱ ይተነፍሳሉ። እኔ ነኝ የማልተነፍሰው።»

እውነቷን ነበር። ያም ሆኖ የእኛ ኮንቴነር ግድግዳ ላይ በሚስማር ቁመቱም ወርዱም አንድ ስንዝር ብቻ ጫርሁ። ፖሊሱ መነሻ ቀዳዳውን በመሮና በመዶሻ በሳልኝ። የመጋዙን ጫማ፣ ዝርግ መቀመጫውን፣ ብረቱ ላይ አጥብቄ እንዳይዘል አድርጌ ቆረጥሁ። ቁራጩ ወድቆ ተንቃጨለ፤ መምህሯ ወዲያው ፊቷን ቀዳዳው ላይ አደረገች። እኔ ቱቦውን እየጎተትሁ ወደ ወንዶቹ ሄድሁ።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ቱቦው እስከሚደርስበት።»

«አልተፈቀደም አልሁዎት!»

«የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንተ ዞር በል።»

በሚስማሬ ስንዝሬን ጫርሁና ቆምሁ። መነሻ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ መሮው በእሱ እጅ ነው። ተያየን። ወደ አዛዡ ቢሮ ዞሮ አየ። ከዚያ መጥቶ ብረቱን በሳው።

ሦስቱን ጎን ጨርሼ አራተኛው ላይ ስደርስ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ታንኩ ውስጥ የቀረ አየር ነበር። ምላጯ እየዘገመች፣ እየዘገመች ጨረሰችው። ቁራጩ ወደ ውስጥ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ በቀዳዳው አንድ እጅ ወጣ። ጣቶቹን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ያዛቸው። የማን እንደሆነ አላየሁም።

አዛዡ ከቢሮው ወጣ። «ይኼን ማን ፈቀደ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ይለኩት፤ ሁለቱም ስንዝር ነው።»

«ይግቡ!»

«ይታገሡኝ» አልሁት። ቱቦውን ነቀልሁ፤ ታንኩን አፈሰስሁ፤ መጋዟን በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ዘይት አስነክቼ ሳጥኗ ውስጥ አስተኛኋት። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ በራሴ እግር ገባሁ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ እንዳልወጣ ተከለከልሁ፤ የወንዶቹን ቀዳዳ ግን የሸፈነው የለም።

መምህሯ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። አሁን ሁለታችንም ተፈትተናል፤ አልፎ አልፎ ጋራዤ መጥታ ትጠይቀኛለች። «እማማ፣ ሙሉው ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች ዛሬም። ትክክል ነሽ እላታለሁ። ዛሬ ቢሆንም ግን ያንኑ አደርጋለሁ፤ እሱንም እነግራታለሁ።

ጠዋት ጠዋት የታንኩን ውሃ ሳፈስስ ከቀዳዳው የወጣው ያ እጅ ይመጣብኛል። የሞላሌ ገበያ በዋለ ቀን ከሰው ፊት ይልቅ እጅ አያለሁ፤ እህል የሚዘግኑትን፣ የበግ ጀርባ የሚዳስሱትን። ከእነዚህ አንዱ ይሆናል እላለሁ። ጠይቄ አላውቅም።