ያልገባሁበት ገዳም

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ዓርብ ማለዳ ነው። የምሄደው ወደ ባሕር ዳር፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ንግግር ለማድረግ። ይህ ጋባዦቼ የሚያውቁት ምክንያት ነው፤ የራሴ ምክንያት ሌላ ነበር። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ አክስቴ እማሆይ፣ ከመነኮሱ ወዲህ ዘጌ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ሰንበት ሰንበት እደውላለሁ፤ ባለቁልፍ ስልካቸውን ያነሣሉ፣ "ደኅና ነሽ ልጄ?" ይላሉ፣ መርቀውኝ ይዘጋሉ። ያን ሰሞን ግን አላነሡልኝም። ኔትወርክ ይሆናል አልሁ። በሚቀጥለውም ሰንበት አላነሡም። ከዚያ በፊት መጥቶ ያቆየሁትን ግብዣ ስንት ይከፈለኛል እንኳ ሳልል እሺ ያልሁት ለዚህ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከተማዋ ውስጥ ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ዘመን አንድ ክፍል ተከራይቼ ማሠልጠኛ ከፈትሁ። ኮምፒውተሮቼ ሁለት ናቸው፣ ተማሪዎቼ ቤቱን ሞልተውታል፣ መብራት ደግሞ ሲያሻው ይመጣል ሲያሻው ይሄዳል። ስለዚህ ኪቦርዱን ካርቶን ላይ ሥዬ ለእያንዳንዳቸው አደልሁ። ጣታቸው ፊደሉን በካርቶን ለመደ። በኋላም አዲስ አበባ ገብቼ ለየመሥሪያ ቤቱ የአማርኛ መጻፊያ ስሠራ ኖርሁ። ሰው ሁሉ አማርኛን ስልኩ ላይ በነፃ ሲያገኝ ግን እኔ ተረሳሁ። እንግዲህ ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ሲመጣ ነው "ፈር ቀዳጇ" ብለው ከጓዳ ያወጡኝ። ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞርሁ "አትፍሩት፣ ተማሩት" ስል ከረምሁ። ይጨበጨብልኛል፣ እንጀራም ሆነልኝ።

ዓርብ፣ ባሕር ዳር

አውሮፕላኑ ሲያዘቀዝቅ ጣና በመስኮቱ ሞልቶ ታየኝ። ዳር ዳሩን እንቦጭ እንደ ሜዳ አረንጓዴ አልብሶታል። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፤ ሐይቁን ሣር ሲበላው እያየን በየስብሰባው እናወራለን። ስወርድ ያ የማውቀው ወበቅ ፊቴን መታኝ።

የሺ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የሺ ከካርቶን ተማሪዎቼ አንዷ ናት፤ ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ጸሐፊ ሆና የልጆች እናት ሆናለች። ሌላ ጊዜ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አትለቀኝም። ያን ቀን እጄን ጨብጣ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። በባጃጅ በዘንባባዎቹ መሐል ስንሄድም ስለ ነዳጅ ወረፋ ብቻ አወራችኝ።

ሐይቁ ዳር አንድ ዓሣ ቤት ገባን። የተጠበሰ ቆረሶ በሚጥሚጣ መጣልን፤ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል፣ ጣዕሙ ግን ያው ነው። የሺ አንድ ጉርሻ አልጎረሰችም።

"እትዬ ውባለም፣ እንዳይቆጡኝ።"

"ተናገሪ እንጂ!"

"እውነት ገዳሙ ገብተው ነው?"

"የቱ ገዳም?"

ስልኳን አወጣችና ሰጠችኝ። ለስብሰባው የተሠራ ማስታወቂያ ነው፤ እኔ እሺ ከማለቴ በፊት ነው የወጣው። ሴት የማትገባበት ገዳም አለ፣ ከባሕር ዳር ትንሽ አለፍ ብሎ ደሴት ላይ፤ ሁላችንም የምናውቀው። በዚያ ደሴት የድንጋይ ደረጃ ላይ እኔ እወጣለሁ። እኔ! ሽበቴ፣ መነጽሬ፣ ጉንጬ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር። ባለ ተረከዝ ጫማዬን እንደተጫማሁ ዕቃ ቤቱ ገባሁ፣ የብራና መጽሐፍ አንሥቼ ገለጥሁ፣ ፈገግ አልሁና "ከብራና ወደ አስተውሎት" አልሁ። ድምፁም የኔው ነው።

ኧረ ተዉኝ! ደሜ ፈላ። ዓሣው አፌ ውስጥ እንጨት ሆነ። እኔ እንኳን ዕቃ ቤት ልገባ የዚያን ደሴት አፈር ረግጬ አላውቅም። በልጅነቴ እማሆይ በታንኳ ይዘውኝ ሲያልፉ ከታንኳው ላይ አሳልመውኝ ነበር የምናልፈው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። በዚያች ቅጽበት የእማሆይ ስልክ ለምን እንደማይነሣ ገባኝ።

"ዘጌ ደርሷል?" አልኋት።

"መቼ ያልደረሰበት አለ እትዬ?"

አዘጋጁ ናሆም ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጢሙን ያሳመረ ጎረምሳ ነው። ሆቴሉ በረንዳ ላይ አገኘሁት።

"ማዘር! እንኳን ደኅና መጡ! ፕሮሞውን አዩት? ሕዝብ አብዷል እኮ!"

"ማን ፈቀደልህ?"

"የእርስዎን ፎቶ ከድሮ ንግግሮችዎ ነው የወሰድኩት። ለማስታወቂያ ነው፣ ምን ችግር አለው?"

"ሴት አይገባበትም!"

"እንዴ፣ በእውነት አልገቡማ! ማንም አልገባም። ማሽኑ ነው የሠራው።" ትከሻውን ነቀነቀ። "ደግሞ እርስዎ ራስዎ አይደሉ አትፍሩት ያሉን?"

ወይ አበሳዬ! በገዛ ቃሌ አፌን ዘጋኝ። ቢሆንም ጮኽሁ፤ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አጥፋው አልሁት። ደግሞም ነገ መድረክ ላይ ወጥተህ እሷ አይደለችም በል አልሁት። ማጥፋቱን አጠፋለሁ አለ፤ መድረኩን ግን "ስፖንሰሮቹ ይከፋቸዋል" አለ። የስፖንሰሮቹ ቅያሜ ታይቶት የኔ አልታየውም።

በዚያው ንዴቴ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው ሄድሁ። ዕድሜ ጠና ያሉ አቶ ፈንቴ የሚባሉ ባለጀልባ አየት አደረጉኝና ገመዳቸውን መጠቅለል ያዙ።

"ወደ ዘጌ ነበር፣ አቶ ፈንቴ።"

"አልሄድም።"

"ምነው?"

"እርስዎን ጭኜ በዚያ ደሴት አጠገብ አላልፍም፣ እመቤት። እኔ ልጆች አሉኝ፣ ውዬ የማድረው ጣና ላይ ነው።" ፊታቸውን አዞሩብኝ። ባደግሁበት ከተማ፣ ከእማሆይ ጋር ዘንቢል ይዤ በምሳፈርበት ወደብ ላይ እንደ ጉድ ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ አዳራሹ

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ሹማምንት፣ ከኋላ ተማሪዎች ናቸው። ናሆም ማይክ ይዞ "የቴክኖሎጂያችን እናት" ብሎ ጠራኝና መብራቱ ጠፋ። በትልቁ ሸራ ላይ ያ ምስል መጣ። አጠፋለሁ ያለኝን! ጭብጨባው እስኪያልቅ አልጠበቅሁም፣ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

"ያያችኋት ሴትዮ እኔ አይደለሁም" አልሁ።

ሰው ሣቀ። የንግግሬ መክፈቻ መስሏቸዋል።

"አልቀለድሁም! እዚያ ገዳም አልገባሁም፣ አልገባም፣ ማንም አላስፈቀደኝም። በዚህ ምክንያት ያሳደጉኝ አክስቴ እንኳ ስልኬን አያነሡም!"

ማይኩ ጠፋ። ናሆም ጥግ ቆሞ በእጁ ጉሮሮውን ሲቆርጥ አየሁት፤ ለቴክኒሻኑ ነው ምልክቱ። የረሳው ነገር ግን እኔ መብራት በሌለው ክፍል ውስጥ ድምፄን ሳልቆጥብ ዓመታት ያስተማርሁ ሴት መሆኔን ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልሁ። አንዳንዱ ተነሥቶ ወጣ፣ አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጸኛል። ከመሐል የሺ ተነሥታ "በካርቶን ያስተማሩኝ ናቸው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ!" ብላ ጮኸች። እዚህም እዚያም ሁለት ሦስት ጸጉራቸው የሸበተ ጸሐፊዎች አብረዋት ቆሙ። እሰይ የኔ ልጆች!

"ፕሮግራሙን አበላሹት" አለኝ ናሆም ስወርድ።

"ገና ምኑን አይተህ!" አልሁትና ወጣሁ።

የሺ ወደቡ ድረስ ተከትላ መጣችና አቶ ፈንቴ ፊት ቆማ ገዳሙ እንዳልገባሁ ማለችላቸው። "እንግዲህ የምስክር ቃል ነው" አሉና ሞተሩን አስነሡ። ደሴቱ ትይዩ ስንደርስ እንደ ልማዱ ሞተሩን አጠፉት፤ ሴት የተሳፈረች እንደሆነ ቆም ብላ እንድትሳለም ነው። ጫማዬን አውልቄ ቆምሁ፤ በእማሆይ ታንኳ ላይ እንደማደርገው ሦስት ጊዜ ጎንበስ አልሁ። አቶ ፈንቴም፣

"ያቺኛዋስ ጫማም አላወለቀች" አሉ።

"የትኛዋ?"

"ስልክ ላይ ያለችው።" ከዚያ በኋላ ዘጌ እስክንደርስ ስለ ዓሣ መጥፋት አወሩኝ።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ዘጌ

ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በጫካው ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። አቀበቱን ዝንጀሮ ከላይ እየጮኸብኝ ወጣሁት። እማሆይ ጎጆአቸው ደጅ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ።

"መጣሽ?" አሉኝ። አልተነሡም። ጉልበታቸው በጨርቅ ታስሯል።

"ምን ሆኑ እማሆይ?"

"ስግደት ነው።"

"የምን ስግደት? ጾም አይደለ!"

መልስ እስኪሰጡኝ ሁለት ዘለላ ጌሾ ለቀሙ። "ያንቺን ነው፣ ልጄ። አንቺ የምትሰግጂ አልመሰለኝም፤ እኔ ልስገድልሽ አልሁ።"

ምን ልበላችሁ? ያልሠራሁትን ኃጢአት እኒህ አሮጊት በጉልበታቸው ይከፍሉ ነበር። ናሆም በሆቴሉ በረንዳ ላይ "ምን ችግር አለው" ያለኝ ይህን ነው። አለቀስሁ፤ ከኀዘን ይልቅ የንዴት ልቅሶ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ምስሉ የውሸት መሆኑን ላሳያቸው፣ ጥላው እዚህ ጋ ተዛብቷል፣ ጣቷ እዚህ ጋ ተጣሟል ማለት ጀመርሁ። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ።

"አላይም። ዓይኔ ካየው አይለቀኝም። በአፍሽ ንገሪኝ፤ ገብተሻል?"

"አልገባሁም።"

"አልገባሽም። በቃ።"

"እንዲህ በቀላሉ የሚያምኑኝ ከሆነ ለምን ስልክ አላነሡልኝም? ለምን አልጠየቁኝም?"

"ፈራሁ" አሉ። "አዎ ብትይኝስ?"

እጃቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እሳቸው ግን ነገሩን አልጨረሱትም። ሐሜቱ የተወራው ደጀ ሰላም ነው፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቆመሽ ትናገሪያለሽ አሉኝ። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፤ ስም በጠፋበት ቦታ ላይ ይመለሳል።

እሑድ፣ ደጀ ሰላም

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታው "የእማሆይ ልጅ ቃል አላት" አሉና አቆሙኝ። አልገባሁም አልሁ። አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ባልቴት፣

"ታዲያ ያየነው ማን ነው?" አሉ።

"ማንም አይደለም። ሰው አይደለም።"

"በስመ አብ! ሰው ካልሆነማ የባሰ ነው!"

ደጀ ሰላሙ ታመሰ። ሴቶቹ አማተቡ፣ አንዷ ጠበል አምጥታ ፊቴ ላይ ረጨችብኝ። ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ፊቴን ወስዶ በመሣሪያ የሠራው ሰው አለ እላለሁ፤ ማን ይስማኝ? ባልቴቲቱ አዘኑልኝ። "ፊትሽን ሲወስድብሽ የት ነበርሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

የት ነበርሁ? አዳራሽ ውስጥ ነበርሁ፤ አትፍሩት እያልሁ። ሁለተኛውን ጠበል ራሴ ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ።

ስንወጣ እማሆይ ክንዴን ይዘው "ድምፅም ይሠራል?" አሉ።

መዋሸት አልቻልሁም። "ይሠራል።"

"ያንቺንም?"

"የኔንም።"

ቆባቸውን አስተካከሉና መንገዱን ቀጠሉ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

የሺ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ፤ በዚህ ጊዜ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ናሆም ምስሉን አጥፍቷል፤ ሌሎች ቀድተው ያሠራጩትን ግን ማን ያጠፋዋል? ቦሌ ስወርድ የታክሲው ሹፌር በመስታወቱ አየት አደረገኝና "ገዳም የገቡት እርስዎ አይደሉም?" አለኝ። አይደለሁም አልሁት። "ይመስላሉ" አለኝ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ፍርሃትን ተማርሁ። ስንት ሰው እንዳይፈራ ያስተማርሁ ሴት መፍራት የነበረብኝን ሳልፈራ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ የሚጋብዘኝ ካለ ቆሜ የምናገረው ይህንን ነው፤ ማይክ ቢያጠፉም ልምድ አለኝ።

ቤቴ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ለእማሆይ ደወልሁ። አነሡት። ደስ አለኝ።

"እማሆይ፣ በሰላም ገባሁ።"

የዝንጀሮው ጩኸት ከሩቅ ይሰማኛል።

"አንቺ ነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ እንጂ!"

"አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?"

በየአዳራሹ ለጥያቄ ሁሉ መልስ አጥቼ የማላውቀው ሴትዮ አፌ ተያዘ።

"እንግዲያው ስትመጪ እንጫወታለን" አሉና ሳይመርቁኝ ዘጉት።